እርካብ የሌለው ፈረስ

ደብረ ብርሃን ውስጥ "ነገ ዓሳ ላጠምድ እሄዳለሁ" ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያጠምደው ሳቅ ነው። አገሩ የገብስ ነው፣ የበግ ነው፣ የብርድ ልብስ ነው። ዓሳ እኛ ጋ በጾም ወራት ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በበረዶ ተቀብሮ በመኪና የሚመጣ እንግዳ ነው። እሱም ቢሆን "ዓሳ ይጾማል ወይስ አይጾምም" የሚለው ክርክር ሳያልቅ ተበልቶ ያልቃል። ያደግሁት በሬሳ በሚባለው ወንዝ ዳር ነው። በሬሳ ግን ለእኛ ቤት ልብስ የሚታጠብበት፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ እናቴ "እንዳትጠጋው!" የምትለው ነገር ነበር። ያ ማስጠንቀቂያ ሠርቷል፤ አልተጠጋሁትም። ሠላሳ አምስት ዓመት እስኪሆነኝ ድረስ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም።

ወደ ውሃ ያስገቡኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ ጎሚስታ ናቸው፤ የሰፈራችንን መኪና ሁሉ ጎማ ያውቃሉ። ትውልዳቸው መርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ ቁልቁል ወደ ጀማ ወንዝ ሲወረድ ያለው ቆላ ነው። ልጅነታቸውን ፍየል ሲጠብቁና አምባዛ ሲያጠምዱ ነው ያሳለፉት። ደጋ ከወጡ ብዙ ዘመን ቢሆናቸውም ስለ ዓሳ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። አንድ ቀን ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ሾፌር ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የመስኖ ግድብ ውስጥ ዓሳ ሲዘል እንዳየ አወራላቸው። በሳምንቱ ጋሼ ሥራ እየሠሩ አልነበረም፤ መርከብ እየሠሩ ነበር።

መርከቡ አራት የአይሱዙ ከመነዳሪ፣ በላዩ የባሕር ዛፍ አጣና፣ በአጣናው ላይ ሦስት ጣውላ ነው። ሁሉም በናይለን ገመድ ተጠፍንጓል። ጥቁር ስለሆነች "ጉራቻ" አሏት፣ እንደ ፈረስ። ሁለት ሰው፣ መረብ፣ አንድ ባልዲና አንድ ፔርሙስ ሻይ ትችላለች። ከመነሳታችን በፊት ጋሼ እያንዳንዱን ከመነዳሪ ውሃ ቀብተው አረፋ ያወጣ እንደሆነ አዩ፤ የሙያቸው ነገር ነውና በዚህ አይታሙም። መረቡን ፈተሽን፣ የሚያንሳፍፈውን ቡሽና የሚያዘቅጠውን እርሳስ ቆጠርን። ስለ ከመነዳሪ መተንፈስ አሰብን፣ ስለ መረብ መቀደድ አሰብን። ሰው ይወድቃል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ሰው እኛ ነን፤ እኛ ደግሞ ለምን እንወድቃለን?

ታኅሣሥ ነው። ከንጋቱ 1 ሰዓት። ሣሩ ላይ ያለው ውርጭ ስንረግጠው ይሰበር ነበር። ማታ የጣልነውን መረብ ልናወጣ ወደ መሃል ቀዘፍን። መረቡ ግማሽ ድረስ መጣና እንቢ አለ፤ ታች ያለ ጉቶ ይዞታል። እኔ ተነስቼ ቆምኩ፣ በሁለት እጄ ያዝኩት፣ ወደ ኋላ ተለጠጥኩ። ጋሼ "ተቀመጥ አንተ ልጅ!" ሲሉ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ሰምቷል፤ እጄ ግን ገና አልሰማም ነበር። ጉቶው ለቀቀ።

ውሃው ቀዘቀዘኝ ማለት አልችልም። ብርዱ ሳይሰማኝ በፊት ደረቴ በራሱ ጊዜ አየር ሳበ። እኔ አልሳብኩም፤ እሱ ነው የሳበው። ከሳበው ግማሹ ውሃ ነበር። ከዚያ ትንፋሼ እንደ ወናፍ መሄድ ጀመረ፤ ይገባል ይወጣል፣ ይገባል ይወጣል፣ እኔ ግን የለሁበትም። "ጋሼ!" ልል ፈልጌ "ጋ" ላይ ቀረሁ። እጄ ያገኘውን ሁሉ ይቧጥጣል፣ የሚያገኘውም ውሃ ብቻ ነው። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል የሚባለው እውነት መሆኑን በእጄ አይቻለሁ።

ከላይ የጋሼ ድምፅ መጣ፦ "አትታገል! ሰማይ እይ! ሰማይ እይ!"

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አየሁ። ሰማይ ለማየት ፊትን ማቅናት ግድ ነው፤ ፊት ሲቀና ጆሮ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ደረት ወደ ላይ ይወጣል፣ አፍ ከውሃ በላይ ይቀራል። ለካ መንሳፈፍ ማለት ይኸው ነው። ወፍራም ካፖርቴ ውስጥ የቀረው አየርም ደገፈኝ። ምን ያህል እንደቆየሁ አልቆጠርኩም፤ ጋሼ "ሦስት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ" ይላሉ። ያለ እኔ ሲሄድ የነበረው ትንፋሽ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ተመለሰ።

አለቀ ብዬ ነበር። ከባዱ ያኔ ነው የጀመረው።

ጉራቻ ላይ ልወጣ ሞከርኩ። የከመነዳሪ ጎን ሲረጥብ እንደ አምባዛ ቆዳ ያሙለጨልጫል። ጣውላው በደረቴ ልክ ነው፤ መሬት ላይ ቢሆን እንደ አጥር ዘልዬ የምወጣው ከፍታ። ውሃ ውስጥ ግን የሚረገጥ ነገር የለም። እግሬ በመርከቧ ሥር ይገባና በጀርባዬ ያስተኛኛል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ጉራቻ ወደ እኔ ዘንበል አለችና ጋሼ ራሳቸው ሊገለበጡ ሲሉ ለጥቂት ተረፉ። "ተወው፣ ያዝ ብቻ" አሉኝና በአንድ መቅዘፊያ ሁለታችንንም ወደ ዳር ጎተቱን። ገመዱን በክንዴ አጥልፌ ነው የደረስኩት፤ በጣቴ መያዝ አቅቶኝ ነበር። ዳር ስደርስ ቆምኩ፣ ዓይኔ ጨለመ፣ ተቀመጥኩ። የካፖርቴን ቁልፍ የፈታልኝ በግ የሚጠብቅ ልጅ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ ቁልፉን አየዋለሁ፣ ጣቴን አየዋለሁ፣ ሁለቱ አልተዋወቁም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ጎርደን ጊስብሬክት የሚባል ተመራማሪ አለ፤ ራሱን በረዶ ውሃ ውስጥ እየነከረ የሚያጠና ሰው ነው። (እኛ ሰፈር ቢኖር ኖሮ ጠበል እናስጠምቀው ነበር።) እሱ በሰፊው ያስተዋወቀው ቀላል ስሌት አለ፦ 1፣ 10፣ 1። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመግራት 1 ደቂቃ ገደማ አለው፤ እጅና እግሩ ለቁም ነገር የሚታዘዙት 10 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከብርዱ የተነሳ ራሱን እስኪስት ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ። የእኛ ግድብ በረዶ ውሃ አይደለም፣ ስለዚህ ደቂቃዎቹ ይለጠጣሉ። ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው፤ ታኅሣሥ ላይ በእኔ የደረሰውም በዚያው ተራ ነው። ያ የመጀመሪያ ሲቃ ቆዳ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሰውነት በራሱ የሚሰጠው ምላሽ ነው፤ ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ ውሃ ይበረታል። ሰው አፉ ከውሃ በታች እያለ ከመጣበት አንድ ጉንጭ ይበቃል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወድቆ የሚሞት ሰው ብዙ ጊዜ ብርዱ አልገደለውም፤ ብርዱ ተራው ሳይደርስ ነው ያለቀው። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ሥራ መዋኘት አይደለም። ሰማይ ማየት ነው።

ስለ ቦት ጫማ አንድ ነገር ልበል፣ እኔን ሊገድለኝ የነበረው እሱ ስለሆነ። ጫማው አይደለም፣ ስለ ጫማው የማምነው ነገር። ቦት ጫማ ውሃ ሲሞላ እንደ ድንጋይ ይጎትታል ብለው ስላሳደጉን ያቺን ውድ ጊዜ ጫማ ለማውለቅ ስታገል አባከንኳት። ውሃ ውስጥ ያለ ውሃ ግን ክብደት የለውም፤ ባልዲ ከጉድጓድ ሲወጣ እንጂ ታች ሳለ እንደማይከብደው ማለት ነው። የሚከብደው ስትወጣ ነው። ልብስም ቢሆን መጀመሪያ ላይ አየር ይይዛል፣ ቀጥሎም በሰውነትና በውሃው መካከል እንደ መጋረጃ ይሆናል። ውሃ ሙቀትን በማስተላለፍ ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ይበልጣልና ያ መጋረጃ ቀላል ነገር አይደለም። ልብስ አይወለቅም።

ከወጣሁ በኋላ የሆነውንም ልናገር፤ ጉድ ያለው እዚያ ጋ ነው። እረኛው ልጅ ሮጦ ሰው ጠራ። ሰዎቹ የመጡት ብርድ ልብስና አረቄ ይዘው ነው። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ በከንቱ አልወጣም፤ አንድ መለኪያ ጠጥቼ ሰውነቴ ጋለ፣ ዳንኩ አልኩ። ያ ሙቀት የራሴ ነው፤ ከውስጥ ወደ ቆዳ ወጥቶ ሊሄድብኝ ነው። አረቄ የቆዳን ደም ሥር ይከፍታል፣ ሰውነት ለልብና ለሳንባ የቆጠባትን ሙቀት ወደ ውጭ ይበትናል። ትክክሉ ያመጡት ብርድ ልብስ ነበር። እርጥቡን ማውለቅ፣ በደረቅ መጠቅለል፣ ማስተኛት፣ ሰውየው ራሱን የሚያውቅና መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር የበዛበት ሻይ። ከውሃ የወጣን ሰው ማቆምና ማራመድ ጥሩ አይደለም፤ ሰውነቱን ዙሪያውን የጨመቀው ውሃ ሲለቀው የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ዓይኔ የጨለመው ለዚህ ነበር። እጅና እግሩን ማሸትም አያስፈልግም፤ ደንዝዞ የማይሰማውን እጅ እሳት ላይ መያዝም ማቃጠል ነው። ይህን ሁሉ ለሰዎቹ በኋላ ስነግራቸው አንዱ "ታዲያ አረቄው ምን ይሁን?" አለኝ። ላዳነኝ ሰው ይሰጠዋል አልኩት።

ትንፋሹ ለቆመ ሰው ደግሞ ሌላ ነው። እኛ አገር ውሃ የጠጣን ሰው ዘቅዝቆ ማንጠልጠል፣ ሆዱን መጫን የተለመደ ነው። የሚወጣው የሆድ ውሃ ነው፣ የሚባክነው ደግሞ ጊዜ ነው። የጎደለው አየር ስለሆነ የሚሰጠውም አየር ነው፤ አፍንጫውን ይዞ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ በአፍ መስጠት፣ ከዚያ ደረቱን መጫን። ይህን በንባብ ብቻ መማር አይቻልምና የሚያሠለጥን ሰው ከተገኘ ግማሽ ቀን መስጠት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300 ሺህ ገደማ ሰው በመስጠም ሞቷል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ የሚሞተው እንደ እኛ ባለ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባለው አገር ነው። እኛ ደጋ ላይ ስለሆንን አይመለከተንም የሚል ካለ ግድቡን ልወስደው እችላለሁ።

ወደ ጉራቻ ልመለስ። ጋሼ ለሁለት ሳምንት ስሟን አላነሱም። በሦስተኛው ሳምንት ሱቃቸው ስገባ ጣውላዋን በጠመኔ እያሰመሩ አገኘኋቸው።

"ፈረስ ያለ እርካብ ይወጣል?" አሉኝ።

"አይወጣም" አልኩ። ጨዋታ መስሎኛል።

"ታዲያ ይቺን በምን ልትወጣ ነበር?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያደረግነው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የመጣ ነው። እስካሁን ያሰብነው ላለመውደቅ ነበር፤ ያውም በግማሽ ልብ። ሰው እንደወደቀ ቆጥሮ ከዚያ መጀመር ሌላ ሐሳብ ነው። ወድቄያለሁ፤ ምን ያንሳፍፈኛል? ማን ያየኛል? በምን እመለሳለሁ?

ለመጀመሪያው መልስ ጀሪካን ነበረን። ልብስ የለበሰ አዋቂ ሰው አፉን ከውሃ በላይ ለማቆየት ከራሱ ተንሳፋፊነት በላይ የሚያስፈልገው ከ3 እስከ 5 ኪሎ የሚያህል ድጋፍ ነው። ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ የ20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይሸከማል። ስለዚህ አንድ ጀሪካን 15 ሜትር ገመድ ታስሮበት ጉራቻ ላይ ይቀመጣል፣ ለወደቀው ይወረወራል። ባዶውን ከወረወርከው ነፋስ ይጫወትበታል፤ አንድ ሁለት ኩባያ ውሃ ከተጨመረበት ግን እንደ ድንጋይ ይሄዳል። የሚወረወረው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ጋሼ በዚህ ጨካኝ ናቸው፦ "እኔ ብወድቅ ተከትለህ እንዳትዘል፤ ሁለት ለቅሶ ባንድ ቀን ሰፈሩን ያስቸግራል።"

የጀሪካን ችግሩ መያዝ መፈለጉ ነው። እጅ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይከዳል፤ የካፖርቴ ቁልፍ ምስክር ነው። ላይፍ ጃኬት የሚሻለው ለዚህ ነው፣ እሱ ነው አንተን የሚይዝህ። ባሕር ዳር ያለ ዘመዴ ሁለት ላከልን። ስንለብሰው አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ ወደ ላይ ይጎትታል፤ ጃኬቱ ጆሮ ድረስ ከወጣ ሰፊ ነው። ጋሼ የእኔን "ትንሽ ሰፋ ቢል ምናለ፣ ክረምት ላይ ሹራብ ትደርብበታለህ" አሉ፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚገዙልኝ ነው የመሰለኝ። ጣውላ ላይ አጣጥፎ ማስቀመጥ ደግሞ እንደ መቀመጫ ያገለግላል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። ውሃ ውስጥ ገብቶ ጃኬት መልበስን አንድ ጊዜ ሞክሩትና የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ፊሽካ በአንገት ላይ፣ መረብ የሚቆርጥ ቢላ በሰገባው ውስጥ፣ ስልክ በላስቲክ ተጠቅልሎ በውስጥ ኪስ። መረብ ሲጎተት መቀመጥ፣ ጉቶ ከያዘው መቁረጥ። ለእናቴ ደግሞ የምንሄድበትንና የምንመለስበትን ሰዓት መንገር። ይህ የመጨረሻው ለእኔ ከሁሉ ከብዶኛል፤ ሰላሳ ደቂቃ ስናረፍድ ሰፈሩን ሁሉ ትጠራለች። ጋሼ "ይኸውልህ፣ የነፍስ አድን ድርጅት ይሏል እሷ ናት" ይላሉ።

የሦስተኛው ጥያቄ መልስ እርካብ ነበር። እሱን ለመሞከር ጀማ ወረድን፤ ጥር ነበር፣ ከጥምቀት ሳምንት በኋላ። ደጋው ላይ ለመለማመድ ውሃው አይመችም፣ ጀማ ግን ቆላ ነው፣ ውሃው ለብ ያለ ነው። የሚገርመኝ ነገር፣ የእኛው በሬሳም ዞሮ ዞሮ ጀማ ነው የሚገባው፣ ጀማም ዓባይ። እናቴ እንዳልጠጋው የከለከለችኝ ውሃ ጋሼ ዋና የተማሩበት ውሃ ነው።

ጀማ ላይ ጋሼ ሌላ ሰው ናቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውሃውን ሳይሆን ምሥራቁን ያያሉ። "እዚህ የሚገድልህ እዚህ የሚዘንበው አይደለም" አሉኝ። የጀማ ገባሮች ከመንዝና ከሞረት ደጋ ነው የሚወርዱት። እዚያ ዶፍ ይጥላል፣ እዚህ ሸለቆ ውስጥ ፀሐይ ራስ ይበሳል፣ ከዚያ ደራሹ ጎርፍ ይመጣል። ምልክቱን በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ። የጠራው ውሃ ወተት የነካው ሻይ ይመስላል። ገለባና ቅጠል ከአረፋ ጋር ይመጣል። ድንጋይ ላይ ያስቀመጥከው ምልክት ይጠፋል። ከሩቅ የመኪና ድምፅ የሚመስል ይሰማል፣ መንገድ በሌለበት። ከእነዚህ አንዱን ያየ ሰው መረቡን አይሰበስብም፤ መረብ ይገዛል። ወደ ላይ፣ ወደ ገደሉ ነው የሚሮጠው፤ በወንዙ ዳር ወደ ታች የሮጠውን ደራሹ ይቀድመዋል። ስለዚህ በክረምት ጀማ ላይ የምናደርገው ዝግጅት አንድ ነው፦ አለመሄድ።

በበጋም ቢሆን ወራጅ ውሃ እንደ ግድብ አይደለም። ወራጅ ከወሰደህ ለመቆም አትሞክርም፤ እግር በድንጋይ መሃል ይሰነቀርና ውሃው ራሱ በፊትህ ይደፋሃል። በጀርባ ተንጋሎ፣ እግርን ወደ ፊት፣ ወደ ውሃው መሄጃ አድርጎ፣ ድንጋዩን በእግር እየገፉ፣ በእጅ ቀስ እያሉ ወደ ዳር። ጋሼ ይህን ያሳዩኝ እንደ ልጅ እየሳቁ፣ በስድሳ ምናምን ዓመታቸው ነው።

እርካቡ ግን ከሸፈ። ከጣውላው ጫፍ የናይለን ገመድ ቋጥረን አንጠልጥለን ነበር። እግሬን አስገብቼ ስረግጠው ገመዱ እግሬን ይዞ በጉራቻ ሥር ገባ፣ እኔ ያው እንደ ታኅሣሡ በጀርባዬ ተኛሁ። ጋሼ ዳር ሆነው "ፈረሱ ቆሞ፣ ሰውየው በሆዱ ሥር!" እያሉ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ከተማ ተመልሰን በያጅ ጋ ሄድን። ባለ 12 ፌሮ በዩ ቅርጽ አጠፈልን፤ ላይኛው ከአጣናው ጋር ይታሰራል፣ ታችኛው ጉልበት ያህል ውሃ ውስጥ ይወርዳል፣ አይወዛወዝም። ከመነዳሪውን እንዳይበሳ ጋሼ ብረቱን በአሮጌ ከመነዳሪ ቅዳጅ ጠቀለሉት፣ እንደ ሕፃን። ከጣውላው ማዶ ደግሞ የሚያዝ ገመድ ዘረጉ፤ እግር ቢረግጥም እጅ የሚጎትተው ከሌለ ደረት አይወጣምና።

የካቲት ላይ ያንኑ ቦታ ወረድን። መጀመሪያ እኔ ልግባ ስል ጋሼ ጃኬታቸውን አስረው ነበር። ምንም ሳይሉ ከጉራቻ ላይ ወደ ጎን ተንከባለሉ፣ ጠፉ፣ ብቅ አሉ፣ ሰማዩን አዩ። በጣም ረጅም ጊዜ አዩት፤ ሆን ብለው ነው። ከዚያ ዞረው ገመዱን ያዙ፣ እግራቸውን ፌሮው ላይ አደረጉ፣ ተነሱ፣ በሆዳቸው ጣውላው ላይ ተኙ፣ ተገለበጡ፣ ተቀመጡ። ጉራቻ ትንሽ ዘነበለችና ተመለሰች።

ጺማቸው ውሃ እያንጠባጠበ እርካቡን ቁልቁል ተመለከቱት።

"በቀኝ ነው የታሰረው" አሉ። "ፈረስ በግራ ነው የሚወጣው።"

"እናዙረው?"

"በኋላ" አሉና መቅዘፊያውን ከእጄ ተቀበሉኝ። "በል አሁን አንተ ውደቅ።"